ለደቦ የመጣች ራም

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። እግራችሁን ዘርጉ። የቸኮለ ካለም ይሂድ፣ አልቀየመውም። የምነግራችሁ የአንድ ሽማግሌ ነገር ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ለማውራትም ባልከበደኝ።

ጊዜው ገና ያልመጣ ጊዜ ነው። እኔ ግን እንዳለፈ አድርጌ አወራችኋለሁ፤ እንዲያ ሲሆን ይቀለኛል። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ሸንበቆ ሰፈር የሚሉት ነው። በዚያን ዘመን የራሱ ኮምፒውተር ያለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ መስታወት አለ፤ መስታወቱም የድርጅቱ ነው። ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የሐኪም ወረቀቱ፣ የሟች ድምፅ ሳይቀር የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ኪራዩ የሚከፈለው በዓይን ነው። ጠዋት ጠዋት ቤተሰቡ ተደርድሮ ይቀመጥና አንድ ሰዓት ሙሉ መስታወቱ የሚያሳየውን ያያል፤ ሳሙና ያያል፣ ጫማ ያያል፣ ማንም የማይሄድበት አገር ያለ ቤት ያያል። ቁርስ እየበሉ ማየት ይፈቀዳል። ዓይን መክደን አይፈቀድም። ዓይኑን የታመመ ካለ ጎረቤት ሄዶ ያይለታል፤ ይህ የዓይን ውሰት ይባላል። እንደ ድስትና እንደ ወንፊት ውሰት ያለ ነገር ነው፣ ማንንም አይገርመውም። አርባ ቀን ያልታየበት ቤት ግን ዕቃው ይነሣል። ወዴት እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም።

የእማማ ጦይባ ዕቃ የተነሣው እንዲህ ነው። ባሏ ሙሄ የሞተ ጊዜ መስታወቱን ነጠላ አልብሳ ሐዘን ተቀመጠች። ጎረቤቱ ሁሉ ልቅሶ ላይ ነበር፤ የዓይን ውሰት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። በአርባ አንደኛው ቀን ነጠላውን ስታነሣው ሙሄ የለም። ፎቶውም ድምፁም የለም። የቀረላት ጥፍር የምታህል ፍላሽ ናት፤ አንድ የሰፈር ልጅ ድሮ የቀዳባት። በውስጧ ያለውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሄ ማታ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ እንዲህ ይል ነበር፦

"ጦይቤ፣ ክፈቺ፤ እጄ ሙሉ ነው!"

ይኸው ነው። ሙሄ ባዶ እጁን ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ከመንገድ ዳር ጭራሮ ለቅሞ ይመጣል።

መስታወቱ ግን ፍላሽ አይቀበልም። ጦይባ ፍላሿን በመሐረብ ቋጥራ ቤት ለቤት ዞረች፤ "ይህችን የሚያሰማ ነገር ያለው አለ?" እያለች። ግድግዳ የሚለያያቸው ጎረቤቷ ይመር አበጋዝ ዘንድም ሄዳ በሩ ላይ አለቀሰች። ይመር ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ነው። "እታለም፣ ከየት አባቴ አመጣልሻለሁ?" አላት። እንባውም መጣ።

ከአልጋው ሥር ግን፣ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ራሱ የገጣጠመው ኮምፒውተር ነበረው። ለማንም ተናግሮ አያውቅም። "አንዴ ካወቁ ቤቴን ወረፋ ያደርጉታል" ይል ነበር ለራሱ። ምን እንደሚሠራበት ልንገራችሁ? ገበጣ ይጫወትበት ነበር። ሌላ ምንም።

የጦይባ ለቅሶ ሰፈሩን አነቃው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደገ ሰው ሰበሰበና "ዛሬ የእሷ ነው፣ ነገ የእኛ ነው። የራሳችንን ኮምፒውተር፣ የሰፈሩን ሳጥን፣ በደቦ እንገጣጥም፣ ዕቃችንን እዚያ እናስቀምጥ" አለ። ሁሉም እሺ አለ። የምትገጥመው ሰዓዳ ሆነች፤ ከአባቷ የተማረች፣ ሁለት ልጆቿን በዚሁ በካቻቢቴዋ የምታሳድግ ሴት ናት።

ደቦው ደንብ አለው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ዕቃ ያመጣል፤ ያለው የሌለውን እንዳያሳፍር ዕቃው በጨርቅ በተሸፈነ ሰፌድ ውስጥ ይገባል። ማን ምን እንዳመጣ አይጠየቅም። ግን ከሁለት አንዱን የሚሰጥ ሰው ደህናውን ይሰጣል፤ ይህ ሳይነገር የሚታወቅ ነው። ለደቦ አንካሳ በሬ የሚነዳ ማን ነው?

ቁራሌ ተራ ያለው ቆሻሻ ሁሉ ተገለበጠ። የተገኘው ማዘርቦርድ ከሌላ ዓይነት ኬዝ የወጣ ነበርና ብሎኑ አልገጥም አለ፤ ሰዓዳ ቆርቆሮውን እንደ አዲስ በሳችው። ፓወር ሳፕላዩ ሲበራ እንደ ታመመ ድመት ያለቅሳል። ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ነው፣ በሽቦ ታሰረ። ማብሪያው የቤት ደወል ነው፤ ሲጫኑት መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ይነሣል። ሰዉ በዚህ ሁሉ እየሣቀ ሠራ።

የቀረው ራም ነው። ራም ማለት ጣት የምታህል ጠፍጣፋ ሰሌዳ ናት፤ ማሽኑ ሲያስብ ሐሳቡን ለጊዜው የሚይዝባት። ሰፌዱ ውስጥ አራት ገቡ። አንዷ የይመር ናት።

ይመር ሁለት ራም ነበረው። ሁለቱንም ቤቱ ፈትሿቸዋል። አንደኛዋ ንጹሕ ናት። ሁለተኛዋ ብርድ ሲሆን ደህና ናት፤ ሲሞቃት ግን ትቀባጥራለች፣ የሰጧትን አትመልስም። ይመር እንዳትደባለቅበት ጫፏን በሚስማር ጫረ። ሰፌዱ የዞረ ቀን ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው ላይ ቆይቶ ነበር። ንጹሕዋን ከሰጠ ገበጣው ሊቆም ነው። "ሳጥኑ የሚቀመጥበት ክፍል ቀዝቃዛ ነው፤ የእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ አይደል?" አለ። የተጫረችውን ይዞ ሄደ።

ሰዓዳ ራሞቹን አይታ "አንድ አንድ ቀን ስጡኝና ልፈትሻቸው" አለች።

ጋሽ ታደገ አገጩን አከከ። ይመር ግን ቀደመ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ፦

"ልጄ፣ ለቅሶ ቤት የመጣ ንፍሮ ይለቀማል እንዴ?"

ሰዉ ሁሉ ሣቀ። ሰዓዳም ሣቀች፤ ምን ታድርግ። አራቱም ሳይፈተሹ ገቡ።

የጥር ወር ነበር። ሳጥኑ ተነሣ። ሁሉም ዕቃውን አመጣ፤ የጦይባም ፍላሽ ተገለበጠች። የመጀመሪያው ዓርብ ዕለት ድንኳን ክፍሉ ውስጥ፣ በእድሩ ብረት ድስቶች መካከል፣ የሙሄ ድምፅ ወጣ፤ "ጦይቤ፣ ክፈቺ፤ እጄ ሙሉ ነው!" ጦይባ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ሄዳ በሩን ከፈተች። ውጭ ማንም የለም። እሷም ታውቃለች። ከፍታ ትንሽ ቆመችና ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ እንዲሁ ነበር። ፍላሿንም "ከእንግዲህ ምን ትሠራልኛለች" ብላ ለሰርግ ዘፈን ማመላለሻ አዋሰቻት፤ የነበረባት ተሰርዞ ዘፈን ተሞላባት።

ግንቦት ገባ። የግንቦትን የኮምቦልቻ ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ብሶበታል። አንድ ዓርብ ድምፁ "ጦይቤ፣ ክ..." ብሎ ቆመ። ከዚያ እንደሚቀደድ ጨርቅ ሆነ። በሳምንቱ "እጄ" ብቻ ቀረ። የሌላውም ሰው ፎቶ አረንጓዴ እየተዥጎረጎረ መጣ፤ ሙሽራ አንገት አልባ ሆነች፤ ደብዳቤው ፊደሉ ተደበላለቀ።

ጋሽ ታደገ አውጫጪኝ ጠራ። አሮጌ ልማድ ነው፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ለመስታወቱ ሰዓት ብቻ ፈቃድ ተሰጠ። እያንዳንዱ ተራ በተራ እየተነሣ ያየውን የሰማውን ይናገራል። ይመር ተራው ሲደርስ ተነሣ።

"አላየሁም፣ አልሰማሁም" አለ።

እውነቱን ነው። አላየም፣ አልሰማም። አደረገ እንጂ።

እስከ ከሰዓት ምንም አልወጣም። ሰው ራበው፣ ጠማው፣ ሕፃን አለቀሰ። እንዲህ ሲሆን ታውቃላችሁ፤ ነገር ከሚያድር ስም ይውጣ ይባላል።

"እኔ ልናገር?" አለች አንዲት ሴት። "ሰዓዳ ያን ሰሞን ከባሏ ስትለያይ ነበር። ልቧ የት ነበር?"

"ብሎኑንም እኮ አልገጥም ሲላት በሳችው!" አለ ሌላው።

"እጇ አይባርክም" አለ ሦስተኛው። "ለአክስቴ የሠራችው ራዲዮስ ምን ሆነ?"

"የአክስትህን ራዲዮ አህያ ነው የረገጠው!" አለች ሰዓዳ ተነሥታ። አንዳንዱ ሣቀ። እሷ አልሣቀችም። "ራሞቹን ልፈትሽ ብዬ ለምኜ ነበር።"

"ሰዓዳ" አለ ጋሽ ታደገ፣ ቀስ ብሎ፤ "ለደቦ ባመጣ ሰው ላይ ነገር አትወርውሪ። ነውር ነው።"

ሰዓዳ ዙሪያዋን አየች። ይመርንም አየችው፤ እንደ ሁሉም ሰው። ከዚያ ካቻቢቴዋን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ጋሽ ታደገ እግር ሥር አስቀመጠች። ሳጥኑን ዳግመኛ እንዳትነካ ተፈረደ። ሰዉ ወደ ቤቱ ገባ። ወሬው ግን ከሰው ቀድሞ ሄዶ ኖሮ፣ "ለእኛም ግጠሚልን" ብለው የነበሩ ሁለት ሰፈሮች በማግስቱ ተዪው አሏት። ሰዓዳም ሠመራ ወርዳ ለሹፌሮች ምግብ ልትሠራ ወሰነች። መኪናው የሚነሣው በሚመጣው ቅዳሜ ነው።

ይመር ያን ሳምንት ምን እንደበላ አያስታውስም። የአልጋ ሥሩን ማሽን ሲያበራው "እንጫወት?" ይለዋል። ያጠፋዋል። በግድግዳው ማዶ ጦይባ ስትንቀሳቀስ ይሰማዋል፤ ድሮ የሙሄንም ድምፅ በዚሁ ግድግዳ ነበር የሚሰማው፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ በየማታው። ሰዓዳ ልጆቿን ይዛ በደጁ ስታልፍ "እንደምን አደሩ ጋሼ" አለችው። "ደህና" አለ። 

ከዚያ መላ መታ። ማሽኑ ከዳነ ሰዓዳም ትድናለች ብሎ አሰበ። የድንኳን ክፍሉ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው የሚያድር። ረቡዕ ጠዋት፣ በመስታወቱ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ግድግዳ ላይ ተክሎ መንገዱ ውሻ ብቻ ሲሆን፣ ንጹሕዋን ራም በመሐረብ ጠቅልሎ ሄደ። ኬዙን ከፈተ። የተጫረችውን ነቀለ፣ ንጹሕዋን ተከለ። ቀጭ እስክትል ሦስት ጊዜ ተጫናት። ሲወጣ ላብ አጥምቆታል፤ ግን ቀለል ብሎታል። እንዲያውም ትንሽ አፏጨ።

ሐሙስ ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። አልተዥጎረጎረም፣ አልቆመም። ዓርብ ሰዉ ድንኳን ክፍሉን ሞላው።

"አያችሁ?" አለ ያ ባለ ራዲዮው። "እጇን ስታነሣ ዳነ!"

"እኔስ ምን አልኩ?" አለች ሴቲቱ።

"ተመስገን ነው" አለ ጋሽ ታደገ። "ፍርዳችን ልክ ነበር ማለት ነው።"

ይመር ጥግ ላይ፣ ከድስቶቹ አጠገብ ቆሟል። ሊያድናት ብሎ በገዛ እጁ የፍርዱን ማኅተም እንዳተመባት ያን ጊዜ ገባው። አሁን ዝም ቢል ማንም፣ መቼም አያውቅም። ማሽኑ ደህና ነው፣ ሰፈሩ ደህና ነው። ሰዓዳ ብቻ ነገ ትሄዳለች።

ጦይባ እፊት ተቀምጣለች። የሙሄን ከፈቱላት። የዳነው ማሽኑ ነው እንጂ፣ በቀባጣሪዋ ራም በኩል እያለፈ ተበላሽቶ የተቀመጠው ድምፅ አልዳነም። "ጦይቤ፣ ክ..." አለና ተቀደደ። እሷ ግን ጉልበቷን ይዛ ለመነሣት ከጀለች፤ በሩን ለመክፈት።

"ተቀመጪ፣ እታለም" አለ ይመር።

ሁሉም ዞረ። ይመር ከኪሱ የተጫረችውን ራም አወጣ።

"ይህችን ያመጣሁ እኔ ነኝ። እንደምትቀባጥር እያወቅኩ ነው ያመጣኋት። ጭረቱ የእኔ ሚስማር ነው። ረቡዕ ጠዋት በስርቆት የቀየርኳትም እኔ ነኝ። ሰዓዳ ምንም አላጠፋችም።"

ጋሽ ታደገ ራሟን ተቀብሎ ጭረቱን አየ።

"ደህናዋንስ ለምን አስቀረህ?" አለ ጋሽ ታደገ።

"ለገበጣ።"

"ለምን?"

"ለገበጣ፣ ታደገ። ቤቴ ማሽን አለ። ገበጣ እጫወትበታለሁ።"

አንድ ሰው ሣቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ይመር ያችን ሣቅ እስኪሞት አልረሳትም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

"ማሽን" አለች ጦይባ ቀስ ብላ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቆየ።"

"ፍላሿን ይዤ በርህ ላይ ሳለቅስ ነበረህ?"

"ነበረኝ።"

ጦይባ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ጋሽ ታደገ ካቻቢቴውን ይዞ፣ ይመር ከኋላው፣ ሰዉም ከኋላቸው ሰዓዳ ቤት ሄዱ። ሰዓዳ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ የልጇን ጫማ እያሰረች ነበር። ጋሽ ታደገ ሁሉን ነገራት፤ እዚያው ሰፈሩን ወክሎ "አጥፍተናል" ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሰዓዳ ካቻቢቴውን ተቀብላ አየችው፤ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል። ከዚያ ይመርን ቀና ብላ አየችው።

"ደህናዋን ራም ማን ፈተሻት?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

"እንግዲያው እኔም እፈትሻታለሁ። እርስዎ አጠገቧ ይቀመጣሉ።"

አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ይመር በርጩማ ላይ ሆኖ ፈተናው በስክሪኑ ላይ የሚያወርደውን የቁጥር መስመር ሲቆጥር ዋለ። ሰው እየመጣ ያየውና ይሄዳል። ልጆችም "ጋሽ ይመር፣ እንጫወት?" ይሉታል፤ ያወቁ አይመስሉም፣ ግን ያውቃሉ። ራሟ ንጹሕ ሆና ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ በሸንበቆ ሰፈር ለደቦ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይፈተሻል፤ ሰጪውም አጠገቡ ይቀመጣል። ነውር መሆኑ ቀረ። የአልጋ ሥሩም ማሽን ለሰፈሩ ሆነ።

ሰዓዳ ሠመራ አልሄደችም። ይመርን ግን "ጋሼ" ማለቷን ተወች። "እንደምን አደሩ አቶ ይመር" ትለዋለች፤ አንድም ቀን ሳታጎድል። እሱም በየጠዋቱ ይሰማታል።

ጦይባ አንድ ወር አልተናገረችውም። አንድ ዓርብ በግድግዳው በኩል ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ይመር ወጥቶ በሯ ላይ ቆመ። በሩ ዝግ ነው።

"ይመር" አለች ከውስጥ፤ "እኔ ቃሉን አልረሳሁም። የድምፁ አወራረድ ነው የጠፋብኝ። ከእኔ ሌላ በየማታው ሲሰማው የኖረ አንተ ብቻ ነህ። በለው።"

"እታለም፣ እኔ እኮ..."

"በለው።"

"ጦይቤ፣ ክፈቺ፤ እጄ ሙሉ ነው።"



"እጅህ ባዶ ነው" አለች። "ያስታውቃል። ሞልተህ ና።"

ሄዶ ጎመንና አንድ ጀሪካን ውኃ ተሸክሞ መጣ። ክንዱ እየዛለ እንደገና አለው።

"ቀረብ ብሏል። 'ክፈቺ'ን ግን ጠበቅ አደረግካት። እሱ ላላ አድርጎ ነው፤ እንደሚከፈትለት እንደሚያውቅ ሰው።"

እንዲህ በየዓርቡ ቀጠሉ። ይመር እጁን ሞልቶ ይመጣል፣ ይጣራል፤ እሷ ከውስጥ ታርማለች። በሩን አልከፈተችለትም። ይዞ የመጣውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። አንድ ቀን፣ በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ቃሉን ካለ በኋላ ምንም እርማት አልመጣም። ይመር ጆሮውን በሩ ላይ አደረገ። መቀርቀሪያው ላይ እጅ ሲያርፍ ሰማ። እጁ እዚያው ቆየ። አልተሳበም፣ ግን ቆየ። ይመር ጎመኑን እንደታቀፈ፣ እጁ እስኪደነዝዝ፣ አብሯት ቆመ።

ሁለቱም አልፈዋል። ሳጥኑም አርጅቶ ተለውጧል። ያችን ቃል የሚይዝ ዕቃ የለም፤ ስለዚህ ነው ለእናንተ የነገርኳችሁ። ልጆቼ፣ ሌላውን ብትረሱት አልቀየምም። ይህችን ብቻ ያዙልኝ፦ ጦይቤ፣ ክፈቺ፤ እጄ ሙሉ ነው። "ክፈቺ" የምትለዋን ላላ አድርጋችሁ። አደራ።